መስኮቱን ለደፈንከው ለግርማ

ግርማ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም። አንተ ከጤና ጣጣ ወጥተሃል፤ ጣጣው የቀረው እኛ ጋ ነው። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አልፎ ኅዳር ገብቷል። ያ አጥንት የሚበላው ብርድ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ደክሞኛል። ሌላውን ከመጻፌ በፊት ይህን እወቅልኝ።

የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ሰው አላስጻፍኩም። አንተ ሳለህ የመጣውን ወረቀት ሁሉ የምታነበው አንተ ነበርክ፤ የመብራቱንም፣ የውሃውንም፣ የልጆቹንም። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ፊትህን አያለሁ፤ ፊትህ ከጠቆረ መጥፎ ነው፣ ከፈካ ደግ ነው። ያ ፊት ሲጠፋ ምን ላድርግ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጎልማሶችን ወደሚያስተምሩበት ሄድኩ። በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን አስተማሪ «እማማ፣ እስክሪብቶውን አይነቁት» እያለች ፊደል አስቆጠረችኝ። ፊደሌ ትልልቅ ነው፤ መስመርም ይስታል። ቻለው። እኔ ስንቱን ችያለሁ።

ቤቱ እንደተውከው ነው። የግቢው በር ክረምት አብጦ አሁንም በትከሻ ነው የሚከፈተው። ውሃ በተራ ይመጣል፤ ሲመጣም ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ሳይሞላ ይሄዳል። መብራት ሲፈልግ አለ፣ ሲፈልግ የለም። አዲስ ነገር የምትለው ሰናይት መውለዷ ነው። ሴት ልጅ። አፍንጫዋ የአንተ ነው፤ ምን ይደረግ። ባሏ ድሬዳዋ ሥራው ላይ ቀርቶ እሷ እንደ ደንቡ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት መጥታ ወለደች። የድሬን ሙቀት የለመደ ገላዋ የእኛን ብርድ አልቻለውም። እህትህ እትዬ ዘነበችም ሊያርሷት መጥተው አንተ ትተኛበት በነበረው ክፍል ሰፍረዋል። ቅቤውንም፣ ትእዛዙንም ይዘው ነው የመጡት።

ልጅቷን ላበስርህ ብቻ ብሆን ግን ይህን ያህል ጣቴን አላደክመውም ነበር። የምጽፍልህ ስለዚያ በጋዝ ስለሚነደው የውሃ ማሞቂያህ ነው።

ያመጣኸው ቀን ትዝ ይልሃል? ከጅግጅጋ በመጣ ዕቃ መሐል አግኝተኸው፣ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፈህ በዚያች ቀጭን መንገድ ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ወጣ። «ለጉልበትሽ ነው» አልከኝ። ማን ጉልበቴን ጠየቀህ? መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተሰቀለ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ታጠብኩበት። ውሃውን ስከፍተው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይልና «ፏ» ብሎ ሲነድ ልቤ ወረደ፤ በሁለተኛው ሳሙናዬን ሳላለቀልቅ ሮጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ለጉልበቴ የመጣው ማሞቂያ የአንተ ሆነ። እዚያ ገብተህ ግጥሙን የማታውቀውን ዘፈን ትዘፍናለህ። ስትወጣ ፎጣውን እስከ ቅንድብህ ድረስ ጠምጥመህ ግቢው ፀሐይ ላይ ትቀመጣለህ፤ ንፋስ እንዳይመታህ። ዕድሜህን ሙሉ በኦጋዴን በረሃ የጭነት መኪና የነዳህ ሰው፣ ሽፍታ አልፈራህ፣ ጅብ አልፈራህ፣ የፈራኸው ንፋስ ነበር።

አብዲ ቧንቧ ሠሪው ሲገጥመው የጭሱ ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ደጅ መውጣት አለበት ብሎህ ነበር። ግድግዳችን ደግሞ የጥንቱ የጀጎል ቤት ግድግዳ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ከክንድ በላይ የወፈረ። አብዲ ሲቀጠቅጥ ውሎ መሮው ዶለዶመ፤ ከድንጋዩ ግን አቧራ ብቻ ነው የረገፈው። «አቦ ጋሽ ግርማ፣ ይሄ መድፍ ነው የሚፈልገው!» አለህ። አንተም ሳቅክና «ተወው፤ መስኮቱ ይበቃዋል» አልክ። ሻያችሁን ጠጣችሁ። ቱቦው አፉን ወደ ጣሪያው እንደከፈተ እዚያው ውስጥ ቀረ።

መስኮት የምትለው እኮ ከራስ በላይ ያለችው፣ ድመት የማታሳልፈው ቀዳዳ ናት። እሷም ብትሆን እስከ ኅዳር ነው። ብርዱ ሲመጣ የአሮጌ ሹራብህን እጅጌ ጠቅልለህ ወተፍክባት። ክፈተው፣ እሳት ነው አልኩህ። ያልከኝን አልረሳውም፦ «የሚገድለው ከሰል ነው። ይሄ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ጭስ የሌለው ነገር ሰው ሲገድል የት አየሽ?»

የትም አላየሁም። በከሰል ያደግን ሰዎች ነን። ከሰል ደጅ ሳይቀላ ቤት እንዳይገባ፣ ሰው ከሰል እንደነደደ በር ዘግቶ እንዳይተኛ ከእናቶቻችን ሰምተናል። እነሱም የነገሩን ስለሚያውቁት ነው። ይሄኛውን አያውቁትም።

ማሞቂያውም ዝም ብሎ አልገደለህም፤ ብዙ ጊዜ ተናግሮሃል። በመጀመሪያ እሳቱ ሰማያዊ ነበር፣ ጥርት ያለ። እያደር ጫፉ ቢጫ ሆነ። ፊቱ ላይ ጥላሸት ሲወጣ በጨርቅ ትጠርገውና ትመለሳለህ፤ ከወዴት መጣ ብለህ አልጠየቅክም። ሮቶው ሲጎድል ውሃው ይቀጥንና ጠቅ ጠቅ ብቻ ይላል፣ አይነድም፤ አንተ ባትሪ ድንጋዩን ትቀይራለህ፤ እምቢ ሲል በጥፊ ትመታዋለህ። የከተማው ውሃ ውስጡን እንደ ኖራ አለብሶት ሲደፍነውም «ልክ እንደ መኪናዬ ነው፤ ጠባዩን ማወቅ ብቻ ነው» ትላለህ። ራስህንም ያምህ ነበር። ታጥበህ ስትወጣ ሁለት ጆሮ ግንድህን ይዘህ «ግፊቴ ነው» ትላለህ። ደጅ ጥቂት ስትቀመጥ ይለቅሃል። ፀሐይዋ አዳነችኝ ብለህ ታመሰግናለህ። ያዳነህ ንፋሱ ነበር ግርማ፤ ያ የምትሸሸው።

ስለዚያ ጠዋት ብዙ አልጽፍም። ዘፈኑ ቆመ፤ ውሃው አልቆመም። በሩን የሰበሩት ጎረቤቶች ናቸው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «እማማ፣ ልባቸው አይደለም፤ የጋዙ እሳት የተዘጋውን አየር መርዞት ነው» አለኝ። ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። ለለቀስተኛው ሁሉ «ወንድሜ ልቡ ነው» ተባለ። ራቁቱን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሞተ ከሚባል ልብ ይሻላል፤ ልብ ወግ አለው። ድንኳኑ ውስጥ ከመጣው ሰው ሁሉ አንድም እኔን የጠየቀ የለም። ልጅህ ሰናይትም ከድሬ ደርሳ የሰማችው ያንኑ ነው።

ከአርባህ በኋላ የበሩን የውስጥ መቀርቀሪያ ነቅዬ ጣልኩ። የጋዙን ሲሊንደር ለጎረቤት ሰጠሁ። ማሞቂያውን ለማስወረድ ሰው መጥራት ነበረብኝ፤ ሰው ከጠራሁ ለምን ብሎ ይጠይቀኛል። አሮጌ ነጠላ አለበስኩትና ግድግዳው ላይ ተውኩት።

አሁን ወደ ሰናይት ልመልስህ። አራስ በሙቅ ውሃ መታጠብ አለባት። እኔ በትልቁ ድስት አፈላለሁ፤ መብራት ሲሄድ በእንጨት፤ ከዚያ በባልዲ እየቀነስኩ አመላልሳለሁ። ጉልበቴ እንደሆነ ታውቀዋለህ። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። «ግድግዳ ላይ ማሞቂያ ተሰቅሎ በድስት ውሃ መሸከም ምን የሚሉት ዕዳ ነው?» ይላሉ። እሱን አይንኩት እላቸዋለሁ። «ወንድሜን የገደለው ልቡ ነው፤ ብረቱ ምን አደረገሽ?» ይላሉ። ለእኔ እንዲህ ይላሉ! ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሰሙት ሰው። ወሬውን ደጋግመው ሲያወሩት እሳቸውም አምነውት ነበር መሰለኝ።

ሰናይትን ለብቻዋ ይዤ እውነቱን ነገርኳት። ሕፃኗን እያጠባች ሰማችኝ፤ ስጨርስ እጄን ዳበሰችው። «እማዬ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያሳስብሽ። እትዬ እኮ ሌላ ነው የነገሩኝ» አለች። ለልጅ እንደሚናገሩት ነው የተናገረችኝ። ተነስቼ ድስቱን ጣድኩ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አብሽና ፌጦ ልገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ወረድኩ። ስመለስ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። የግቢውን በር በትከሻዬ ስገፋው ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ከውሃው ሥር ደግሞ ያንን ድምፅ፤ እሳቱ ሲያጉረመርም። እኔ ሌላ ነገር ልሳት እንጂ እሱን አልስትም። እትዬ ዘነበች በርጩማ አምጥተው የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠዋል፤ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጋቢ ደፍነው በእግራቸው ረግጠውታል። ሲሊንደሩን ከዚያው ከሰጠሁት ጎረቤት ተውሰው ነው።

«ቀስ በይ፤ ንፋስ ታስገቢያለሽ» አሉኝ።

«ይነሱ እትዬ።»

«አራስ ናት እኮ! ገላዋ ክፍት ነው! ትንሽ ታግሰሽ…»

«ተነሺ!» አልኳቸው። እህትህን በዚህ ሁሉ ዘመን አንቺ ብያቸው አላውቅም። አንተ ብትሰማ ትቆጣኝ ነበር። በርጩማውንም እሳቸውንም ገፍቼ በሩን በረገድኩት።

እንፋሎቱ ዓይኔን ያዘው። እሳቱ ቢጫ ነበር። ሰናይት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች፤ ውሃው ጀርባዋ ላይ ይወርዳል፤ የተኛች ትመስላለች። ጠራኋት። «እም» አለች ብቻ። በብብቷ ገብቼ ጎተትኳት። ያ የታመመ ጉልበቴ የዚያን ቀን የት እንደሄደ አላውቅም። ጎትቼ ግቢው መሐል፣ እዚያ የኅዳር ንፋስ ላይ ርጥብ ገላዋን አወጣኋት፤ ነጠላዬን ጣልኩባት። እትዬ ዘነበች ራሳቸውን ይዘው ይጮኻሉ፦ «ንፋስ! ኧረ የሰው ያለህ! አራሷን በንፋስ ፈጀቻት!» ጎረቤቱ ግንቡ ላይ ወጣ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ተመልሼ ገባሁ፤ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፤ መስኮቷ ላይ የወተፉትን ሻሻቸውን መዝዤ ወረወርኩት። ስወጣ ሰናይት አስመለሳት። ዓይኗን ገለጠች። «እማዬ፣ ራሴን» አለች። እንደዚያ ያለ ደግ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሕፃኗ በዚያ ሁሉ ጩኸት ክፍላችን ውስጥ ተኝታለች። እሷንም አንስተን፣ ባጃጅ ወደ እኛ መንገድ ስለማይገባ ሰናይትን በጋቢ ጠቅልለን መኪና እስከሚገኝበት እስከ ሸዋ በር ተሸከምናት። ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሟ ወጥታ «ቤት ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ አለ? መስኮቱ ተዘግቶ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሁለቱንም የመለሱት እትዬ ዘነበች ናቸው። «አለ። እኔ ዘጋሁት።» ሐኪሟ አልተቆጣቻቸውም። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እናቲቱ ምን ትሆን፣ የምትጠባውም ልጅ ያለ ማን ትቀር እንደነበር ረጋ ብላ ነገረቻቸው፤ ቁጣ ይሻል ነበር።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ግርማም እንዲህ ነበር?» አሉኝ።

«እንዲህ ነበር።»

«ነግረሽኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አላደረጉም፤ ዓይናቸው ላይ እንጂ።

ሰናይት ድናለች። እንዳታስብ። ለቀናት ራሷን ሲያዞራት ቆይቶ ተዋት፤ ወተቷም ተመለሰ። እኔን ግን አሁን የምታየኝ በሌላ ዓይን ነው። «እማዬ፣ አባዬ ያመው ነበር? ሲሞት?» ብላ ጠየቀችኝ። እንቅልፍ ይመስል ነበር አልኳት። የቀረውን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

አብዲን አስጠራሁት። ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እማማ አስካለ፣ ወላሂ ያኔ መስኮቱ ክፍት ነበር» አለ። መስኮት ያለው በሰው እጅ ነው አብዲ፣ ሰው ይዘጋዋል አልኩት። ማሞቂያውን ነቅሎ አወጣው። ውስጡን ከፍቶ ጥላሸቱንና ያንን ኖራ ሲያራግፍ ግቢው ነጭና ጥቁር ሆነ። የጋዙን ጎማ ሲያጥፈው ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ቀየረው። ከዚያ ከቤት ውጭ፣ ከመስኮቱ ርቆ፣ የግቢው ግድግዳ ላይ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ሰቀለው፤ በመስኮቷ አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባው የውሃው ቧንቧ ብቻ ነው። መጋጠሚያው ላይ ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባ፤ አንዱ ጋ ቡፍ ቡፍ ሲል አጠበቀው፤ ደግሞ ቀባ። መስኮቷን ከነመዝጊያዋ አስነቅዬ ወንፊት ሽቦ አስመታሁባት። ብርድ ይገባል። ይግባ።

ደጅ መሆኑ የራሱ ጣጣ አለው። ንፋስ ሲመጣ እሳቱ ይጠፋል፤ ሰናይት ሳሙናዋን እንደተቀባች «ጠፋ!» ብላ ትጮኻለች። አሁን ማን እንደሚጠብቀው ታውቃለህ? እህትህ። ካርቶን ይዘው ከንፋሱ በኩል ይቆማሉ፤ በማሞቂያው ትንሽ መስታወት እያጮለቁ «ሰማያዊ ነው! ታጠቢ!» ይላሉ። ጫፉ ቢጫ ብልጭ ካለ ሰፈሩን ነው የሚያነቁት፦ «ዝጊው! ዝጊው አስካለ!» እዘጋዋለሁ። ብዙ ጊዜ የዓይናቸው ነው፤ ግን እዘጋዋለሁ።

ባለፈው ማኅበሩ በእኛ ቤት ነበር። ጠላው ቀርቦ፣ ሴቶቹ ሕፃኗን እየተቀባበሉ ሳለ አንዷ «ወይ ግርማ፣ ይህችን ሳያይ! ያ ልቡ!» አለች። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜያለሁ። እትዬ ዘነበች ጣሳቸውን አስቀመጡ። «ልቡ አይደለም» አሉ። ሁሉንም አወሩት። ስለ ቱቦው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ እጅጌው። እንዴት እንደተገኘህም አልሸፈኑም። ስለ ሻሻቸውም ራሳቸው ተናገሩ። ጥግ የተቀመጠች ሴት ተነስታ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«ወዴት ነው? ጠላሽን ጨርሺ እንጂ!» አሏት ሴቶቹ።

«እኛም ቤት አለ፤ ለብርዱ ብዬ መስኮቱ ላይ ላስቲክ ለጥፌበታለሁ። ልጆቹ ዛሬ ይታጠባሉ» አለች። አንዱን እግር የራሷን፣ አንዱን የሌላ ሰው ጫማ አድርጋ ሄደች። ሴቶቹ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት።

ግርማ፣ እንደምታፍር አውቃለሁ። በር ድረስ ለመውጣት እንኳን የኮትህን ቁልፍ የምትቆልፍ ሰው ነበርክ። ሰው ሁሉ ራቁትህን እንደሞትክ፣ በእጅህ በደፈንከው ቀዳዳ እንደሞትክ ሲሰማ መቃብርህ ውስጥ ትገላበጣለህ። ይቅር ብዬህ እንደሆነ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ይቅር እልሃለሁ፤ ድስት ስሸከም ደግሞ እመልሰዋለሁ። ግን እንደማስታውስህ ቃል እገባልሃለሁ፤ እንደ ሰው ጥሩ ጥሩህን ብቻ መርጬ አይደለም። ሙት ዓመትህ ሲወጣ፣ ካህናቱ ስምህን ጠርተው ሲጨርሱ፣ እንግዳው እህል ሳይቀምስ ተነስቼ ምን እንደገደለህ እናገራለሁ። ሰናይት ልጇን ስታሳድግ ታስተምራታለች። እኔ ስደክም እትዬ ዘነበች ይናገራሉ፤ ድምፃቸው ከእኔ ይበልጣል። ኅዳር በመጣ ቁጥር መስኮት የሚደፍን ሰው አለ፤ ጭስ የለውም የሚል ሰው አለ።

ሌላ ሰው ከሚሞት አንተ እፈር። እኔም አብሬህ አፍራለሁ።

አስካለ